በሦስት አልጋ ላይ የተሠራ የእሽቅድምድም መኪና

ዶሮውን የያዝኩት እኔ ነኝ፤ እግሩን ያሰረው ግን ሹፌሩ ነው። ይህን ከሁሉ አስቀድሜ መናገር አለብኝ፤ ምክንያቱም እስከ ዛሬ ድረስ ነቀምቴ ውስጥ «ዶሮ የለቀቀው መምህር» የሚሉኝ ሰዎች አሉ። እኔ ዶሮ አልለቀቅኩም። ዶሮው ነው የለቀቀኝ።

በጃንሆይ ዘመን ማብቂያ ላይ ጊምቢ የሂሳብ መምህር ነበርኩ። ወደ ነቀምቴ ተዛውሬ ስሄድ ቡና የጫነ መኪና ጋቢና ውስጥ ቦታ አገኘሁ፤ የመኪናው ረዳት ወባ ይዞት ስለቀረ ነው። ሹፌሩ አርባን ያለፈ፣ አንገተ ወፍራም፣ መሪ ሲይዝ ዝም የሚል፣ ሲለቅ ግን አፉ የማያርፍ የዚያው የወለጋ ሰው ነበር። ደዴሳን ከተሻገርን በኋላ መንገድ ዳር ከቆመች ሴት አንድ ቀይ አውራ ዶሮ ገዛ። እግሩን በቃጫ አሰረና «መምህር፣ እስኪ ያዝልኝ» ብሎ ጭኔ ላይ አስቀመጠው። የዶሮውን ዓይን ገና ሳየው አልወደድኩትም።

ዲጋን አልፈን ቁልቁለቱን ስንጀምር ዝናብ ያዘን። ቃጫው ተፈታ። ልብ በሉ፣ ተፈታ እንጂ አልፈታሁትም። ዶሮው ክንፉን አርገፍግፎ ተነሳና መሪው ላይ ወጥቶ ተቀመጠ። ሹፌሩ ዶሮውን ሊያባርር፣ እኔ ዶሮውን ልይዝ፣ ዶሮው ሁለታችንንም ሊያመልጥ ስንታገል መኪናው ጭቃው ላይ ተንሸራቶ ቦይ ውስጥ በጎኑ ተኛ። ዶሮው በመስኮት ወጥቶ መንገዱን ቀጠለ። የእኔ የግራ እግር፣ የሹፌሩ የቀኝ እግር ተሰበረ።

የነቀምቴው የሚሲዮን ሐኪም ቤት፣ ሌላ ቦታ ያጣ ይመስል፣ ሁለታችንንም አንድ ክፍል ውስጥ አስተኛን። እግሮቻችን በጀሶ ተለብጠው በገመድ ወደ ላይ ተሰቀሉ። እኔ በመስኮቱ በኩል፣ እሱ በበሩ በኩል። መካከላችን ባለው አልጋ ላይ ትርፍ አንጀቱን ያስወጣ ባለሱቅ ተኝቷል። ጉራጌ ነው፤ ገበያው አጠገብ ሱቅ አለው፤ አማርኛም ኦሮምኛም ከአፉ እኩል ይፈስሳል። አንድ ችግር ብቻ ነበረበት። ሳቅ ይወዳል፤ ሲስቅ ደግሞ ስፌቱ ያመዋል።

እኔና ሹፌሩ አንነጋገርም። የምንለውን ሁሉ የምንለው በባለሱቁ በኩል ነበር።

«ንገርልኝ» እላለሁ ጣሪያውን እያየሁ፤ «ዶሮ ማሰር ያቃተው ሰው ጭነት እንዴት ያስራል?»

ባለሱቁ ሹፌሩ ደንቆሮ ይመስል ወደሱ ዞሮ «ዶሮ ማሰር ያቃተው ሰው ጭነት እንዴት ያስራል ይልሃል።»

«ሰምቻለሁ። በለው፣ ዶሮ መያዝ ያቃተው ሰው ልጅ እንዴት ይይዛል?»

ባለሱቁ ይህንን ወደ እኔ ከማድረሱ በፊት ሆዱን በሁለት እጁ ይይዛል። «ስፌቴን! በእናታችሁ፣ ስፌቴን!»

ለእኔ ነገሩ የክብር ጉዳይ ነበር፤ ለሹፌሩ ግን የእንጀራ። የመኪናው ባለቤት፣ ነቀምቴ ጨለለቂ ሰፈር ውስጥ ባለ ሰፊ ግቢ የቡና ነጋዴ፣ እንዲህ ብሎ ልኮበታል፤ «ሽማግሌዎች ይዩት። ጥፋቱ የሹፌሩ ከሆነ ቁልፉን ለሌላ ሰው እሰጣለሁ።» ሹፌሩ ከረዳትነት ጀምሮ መኪና ላይ ያደገ ሰው ነው፤ ሌላ ሥራ አያውቅም። ሚስቱ ምሳ ይዛ ስትመጣ መጀመሪያ የምትጠይቀው ስለ እግሩ ሳይሆን ስለ ቁልፉ ነበር። ጥፋቱ የሱ ካልሆነ ደግሞ የማን ሊሆን ነው? የእኔ ነዋ! ገና ሥራ ባልጀመርኩበት ትምህርት ቤት ተማሪዎቹ ባዩኝ ቁጥር እንደ አውራ ዶሮ ሲጮኹብኝ ይታየኝ ነበር። ስለዚህ እሱም አይለቅ፣ እኔም አልለቅ። ሽማግሌዎቹ ዝናቡ ጋብ ሲል እንመጣለን አሉ፤ እኛም እግራችንን ሰቅለን ጠበቅን።

የክፍሉ አስታማሚ ከባሕር ማዶ የመጣች ሲስተር ነበረች። አማርኛ አንድ ቃል አትችልም፤ ኦሮምኛዋ ግን ከእኔ ይሻላል። አንድ ቀን ከአገሯ ምእመናን የተላከ የርዳታ ጭነት ደረሰና ለየሕመምተኛው ታድል ጀመር። ለባለሱቁ የሕፃን የሱፍ ቆብ ደረሰው፤ አመስግኖ አናቱ ላይ ጣል አደረገው። ከዚያ አንድ የካርቶን ሣጥን አወጣች፣ እኔን አየች፣ ሹፌሩን አየች፣ ሣጥኑን የባለሱቁ አልጋ ጠርዝ ላይ አስቀመጠችና «ኩን ከን ለማን ኬሰኒቲ» ብላ ሄደች። የሁለታችሁ ነው ማለቷ ነው። ዓይኗ ውስጥ የነበረውን ነገር ያኔ አላስተዋልኩትም።

ሣጥኑ ላይ የመኪና ሥዕል አለ። መኪና ካላችሁት። እንደ መሰላል ቀጥኖ የረዘመ፣ የፊት ጎማዎቹ የብስክሌት፣ የኋላዎቹ የትራክተር የሚመስሉ፣ ሞተሩ ራቁቱን አደባባይ የወጣ፣ የሚነዳው ሰው ከኋላ ጎማዎቹም በስተኋላ ተወትፎ የሚቀመጥበት ነገር ነው። ባለሱቁ ሣጥኑን ከፍቶ ትሪ ላይ ዘረገፈው። በቀጭን ዘንግ ላይ እንደ ፍሬ የተንጠለጠሉ የፕላስቲክ ቁርጥራጮች፣ አራት ጥቁር ጎማዎች፣ የማጣበቂያ ቱቦና በእንግሊዝኛ የተጻፈ ወረቀት ወጡ። ሹፌሩ እጁን ሰደደና የሞተሩን ቁርጥራጮች አፍሶ ወሰደ። እኔ ወረቀቱን አነሳሁ። እሱ ያለ ወረቀቱ፣ እኔ ያለ ሞተሩ የትም አንደርስም፤ ያም ሆኖ ያን ቀን ሙሉ አንዳችን ለአንዳችን ምንም አላቀበልንም።

ወረቀቱን አነበብኩት። መኪናው አሜሪካኖች ለእሽቅድምድም የሚሠሩት ነው። ሁለት ሁለት ሆነው ጎን ለጎን ይቆማሉ፤ መብራት ሲበራ ይፈተለካሉ፤ አጭር ቀጥ ያለ መንገድ ጨርሰው ያበቃሉ። አይታጠፉም። ፍጥነታቸውን ፍሬን ብቻውን ስለማይችለው ከኋላ ጃንጥላ ይዘረጋሉ። ይህ ሁሉ ገረመኝ፤ ልቤን የወሰደው ግን ሌላ ዓረፍተ ነገር ነበር። «ከእውነተኛው ሃያ አምስት ጊዜ ያነሰ ትክክለኛ አምሳያ» ይላል። ትክክለኛ! እኔ የሂሳብ መምህር ነኝ። ይህ ቃል ካለበት ቦታ እግሬ ተሰብሮም ቢሆን አልጠፋም።

በማግስቱ ጠዋት ሐሳቤን ለወጥኩ።

«ንገርልኝ» አልኩ፤ «ቁጥር ሰባት ከቁጥር ስምንት ጋር ይጣበቃል።»

«ቁጥር ሰባት ከቁጥር ስምንት ጋር ይጣበቃል ይልሃል» አለ ባለሱቁ የሕፃን ቆቡን እያስተካከለ።

«ቁጥር አላውቅም በለው። ስሙን ይናገር። ሞተር እኮ ነው፣ የእስር ቤት ሰው አይደለም።»

ባለሱቁ ትንሽ ሳቀ፣ ትንሽ አቃሰተ። ከዚያ በኋላ ሥራው ተጀመረ። እኔ አነባለሁ፤ ባለሱቁ ያስተላልፋል፤ ሹፌሩ ከሲስተር በተዋሰው ወረንጦ እያነሳ ያጣብቃል፤ የተጣበቀው በትሪው በኩል ወደ እኔ ይመጣል፤ እኔ በማስመሪያዬ ለክቼ ወይ አጸድቃለሁ ወይ እመልሳለሁ። ብዙውን ጊዜ እመልሳለሁ። አንድ ቀን የጭስ ማውጫዎቹን ሦስት ጊዜ መለስኳቸው፤ አንዷ ዘንበል ብላ ነበር።

«በለው፣ እውነተኛ መኪና ላይ እኮ ማርሚታ ዘንበል ይላል! የኔው ቡና የጫነው መኪና ላይ በሽቦ ታስሮ ነው የሚሄደው!»

«ንገርልኝ፣ ይሄ የሱ መኪና አይደለም። ሃያ አምስት ጊዜ ያነሰ...»

«ሃያ አምስት ጊዜ ያነሰ ነገር» አለ ባለሱቁ እኔን ሳያስጨርሰኝ፤ «እሱንም ሰምቶታል፣ እኔም ሰምቼዋለሁ፣ ግድግዳውም ሰምቶታል።»

ሹፌሩ መኪናው ላይ የጎደለውን ሲቆጥር ውሎ ያድር ነበር። የሞተሩን ክዳን፣ ኮፋኖውን፣ ማን ሰረቀው? ክላክሱ የታለ? እስኮርታ፣ መጠባበቂያ ጎማ፣ የሌለው መኪና በየትኛው አገር ነው መንገድ የሚወጣው? ፖርቶመጋላ ከሌለው የሰው ዕቃ የት ሊሰቀል ነው? መታጠፍ እንደማይችል ሲሰማ ደግሞ ወረንጦውን አስቀመጠ። «ዲጋ ላይ ምን ሊሠራ ነው?» አለ። ባለሱቁ ትንሽ አሰበና ወለጋ ውስጥ ለዚህ መኪና የሚሆን ቀጥ ያለ ቦታ የአውሮፕላን ማረፊያው ሜዳ ብቻ እንደሆነ፣ እሱም ላይ ከብት እንደሚሰማራ ተናገረ። በዚህ ጉዳይ ላይ ሦስታችንም ተስማማን።

ኩርፊያው ያለቀው ለሞተሩ እሳት በሚሰጠው በካንዴላ ነው። ሹፌሩ ከጀሶው ጠርዝ ላይ ካለው ፋሻ ክር እየመዘዘ በእያንዳንዱ ካንዴላ ላይ የኤሌክትሪክ ሽቦ ሲሠራ አየሁት። ወረቀቱ ላይ የለም።

«አይደለም እኮ!» ብዬ ጮኽኩ። «ወረቀቱ ላይ የለም!»

«እሳት ካልደረሰው በምን ሊነሳ ነው ታዲያ? በጸሎት?»

«ቆይ፣ ሥዕሉን ልየው...» ሣጥኑን አገላበጥኩ። ሥዕሉ ላይ ሽቦዎቹ አሉ። «አለ። ልክ ነህ፣ ጋሼ። ግን ቀጭን መሆን አለበት፤ ክሩን ለሁለት ክፈለው።»

ባለሱቁ አንዴ ወደ ግራ፣ አንዴ ወደ ቀኝ አየ። ከዚያ ቆቡን ዓይኑ ላይ ሳብ አድርጎ «እግዜር ይስጥልኝ፤ አሁን ልተኛ» አለ።

ከዚያ ወዲያ ወሬያችን በቀጥታ ሆነ። ጣፋጭ ጊዜ ነበር። እግራችን ተሰቅሎ፣ ጀርባችን ቆስሎ፣ አንድ የክንድ ርዝመት የማይሞላ ነገር ላይ ቀኑን ሙሉ እንነታረካለን። እንደ አገሩ ልማድ ጠያቂው ብዙ ነው፤ ሰው የሚያውቀውንም የማያውቀውንም ሕመምተኛ ሊጠይቅ ይመጣል። መጀመሪያ መጀመሪያ «አከም ቡልተኒ» ብለው እግራችንን ይጠይቁ ነበር። በኋላ እግራችን ተረሳና «መኪናውስ እንዴት አደረ?» ሆነ። አንዲት እናት ጭኮ ይዘው መጥተው «ለሞተሩ» አሉን። ሞተሩ አልበላም፤ እኛ በላንለት።

ቀለም አልነበረንም። ሥዕሉ ላይ መኪናው ቀይ ነው። ሲስተር ለቁስል የምትቀባው ቀይ መድኃኒት ግን አለ። ሹፌሩ ሲስተር በመጣች ቁጥር ክርኑ ላይ አዲስ ጭረት እያሳየ ያስቀባ ጀመር፤ የተረፈውን በጥጥ እየነካ ወደ ትሪው ያሳልፋል። መድኃኒቱ ሲደርቅ ወደ አረንጓዴ የሚያብለጨልጭ ጠባይ አለው፤ ይህ ትክክለኛ ስላልነበረ አስከፋኝ። ሲስተር ጠርሙሱ ለምን ቶሎ ቶሎ እንደሚያልቅ ገባት መሰለኝ፤ አንድ ጠዋት ምንም ሳትናገር ጠርሙሱን እንዳለ መስኮቱ ላይ ትታው ወጣች። ጃንጥላውን ራሷ ከፋሻ ቆርጣ ሰፋችልን።

የተጣላነው ጎማው ላይ ነው። እውነተኛ ጠብ፣ ከዶሮው የባሰ።

የኋላዎቹን ጎማዎች ሹፌሩ በእጁ ይዞ በአውራ ጣቱ ዳሰሳቸው። ዙሪያውን ዳሰሳቸው። ፊቱ ተለወጠ።

«መላጣ ነው» አለ።

«አዎ። እንደሱ ነው የሚሠሩት።»

«ጥርስ የለውም።»

«ለደረቅ አስፋልት ነው፤ ለስላሳው ይበልጥ ይይዛል ይላል ወረቀቱ...»

«ምላጭ ስጡኝ። ጥርስ አወጣለታለሁ።»

«አታወጣም!» አልኩ። «ትክክለኛ አምሳያ ነው! ሥዕሉን እይ! ይኸው ለስላሳ!»

«መላጣ ጎማ ሰው ይገድላል፣ መምህር።» ድምፁ ዝቅ ያለ ነበር። «አንተ ከሰሌዳ ጋር ነው የኖርከው። እኔ ነግሬሃለሁ፣ በመላጣ ጎማ አልሄድም።»

ፕላስቲክ መሆኑን፣ የትም እንደማይሄድ፣ የሚሄድ ቢሆንም እሱን እንደማይጭነው አስረዳሁት። አልሰማኝም። ያን ቀን ሚስቱ ያመጣችውን ምሳ አልነካም። እኔ ደግሞ ምላጭ አግኝቶ እንዳይቆርጣቸው ጎማዎቹን ትራሴ ስር አድርጌ ተኛሁ። እልኸኛ ሰው ነኝ፤ አልክድም። ትራሱ ስር ያሉት ጎማዎች ጆሮዬን ሲቆረቁሩኝ ነጋ። በመጨረሻ የሰለቸው እሱ ነው። «አጣብቀው» አለ ፊቱን ወደ ግድግዳ አዙሮ፤ «ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም።» አጣበቅኩት። መላጣ እንደሆነ።

መኪናው ባለቀ ሰሞን ዝናቡ ጋብ አለ፤ ሽማግሌዎቹም መጡ። ሦስት ናቸው። ሰብሳቢያቸው የዲጋ ሰው፣ ቡና ሲሸጡ ሲገዙ ያረጁ፣ ከዘራቸውን በጉልበታቸው መሐል ተክለው የሚቀመጡ ሽማግሌ ነበሩ። የመኪናው ባለቤት ካፖርቱን እንደለበሰ በሩ ላይ ቆመ። መኪናው ተጠግኗል፤ ቁልፉን ጣቱ ላይ እያሽከረከረው ነበር። የሹፌሩ ሚስት ውጭ ኮሪደሩ ላይ ቁጭ ብላለች። ሹፌሩ ዓይኑን ከቁልፉ ላይ መንቀል አቃተው። ለካ ይሄን ሰውዬ ወድጄዋለሁ።

ሽማግሌው «ዋቃዮ ነጋ ኑፍ ሃ ኬኑ» ብለው ለሰላም ጸለዩ፤ ሁላችንም አሜን አልን። ከሦስቱ አንዱ በልማዱ መሠረት ነገሩን ባጭሩ ሊቋጩት ፈለጉ።

«ሰይጣን ነው» አሉ። «ሰይጣን ነው መካከላቸው የገባው።»

«ሰይጣን ከሆነ» አለ ባለቤቱ ከበሩ ላይ፤ «ለጥገናውም ሰይጣን ይምጣ። እኔ ማወቅ የምፈልገው ከሹፌሬና ከመምህሩ የማን ጥፋት እንደሆነ ነው።»

ሽማግሌው ወደ እኔ ዞሩ። «በርሲሳ» አሉኝ፣ መምህር ለማለት። «ዶሮውን ማን ለቀቀ?»

ይህን ጥያቄ ከወደቅንበት ሰዓት ጀምሮ ስጠብቀው ነበር። መልሱን ከነማስረጃው አዘጋጅቼ ነበር፤ የቃጫው ውፍረት፣ የቋጠሮው ዓይነት። አፌን ስከፍት ግን ሌላ ነገር ወጣ።

«እኔ ነኝ» አልኩ። «እኔ ነኝ የለቀቅኩት።» ውሸት ነው፤ እንደነገርኳችሁ ዶሮው ነው የለቀቀኝ።

«ውሸቱን ነው!» አለ ሹፌሩ። «እኔ ነኝ ያላሰርኩት! ቋጠሮው ልል ነበር!»

«ልል አልነበረም! ጥብቅ አድርጎ ነው ያሰረው፤ አይቻለሁ!»

«ምን ታያለህ አንተ? ቋጠሮ ታውቃለህ? ጥፋቱ የኔ ነው አልኩህ!»

«የኔ ነው!»

ባለሱቁ ሆዱን ይዞ ተጠቀለለ። ሽማግሌዎቹ ተያዩ። በሕይወታቸው ብዙ ሙግት ሰምተዋል፤ ጥፋት ለመቀማት የሚጣላ ሰው ግን አላጋጠማቸውም።

«ቆይ፣ ቆይ» አሉ ሰብሳቢው። «ነገሩን በዓይናችን እንየው። እንዴት እንደሆነ አሳዩን።»

«መኪናው አለ» አለ ባለሱቁ እንባውን እየጠረገ፤ የእሽቅድምድሙን መኪና ከትሪው አንስቶ ሰጣቸው። ብርድ ልብሱን በጉልበቱ አንስቶ የዲጋን ቁልቁለት ሠራ፤ እጥፋቱን ቦይ አደረገው። ዶሮ ሲፈለግ አንዱ ጠያቂ ያመጣውን ብርቱካን ቁልቁለቱ ላይ አስቀመጡ።

«አይሆንም» አልኩ። ማለት አልነበረብኝም፣ ግን አላስቻለኝም። «በሃያ አምስት ሲባዛ ይህ ዶሮ ከበሬ ይበልጣል። እውነተኛው ዶሮ ሲካፈል ባቄላ ነው የሚሆነው።»

ከአንደኛው ሽማግሌ ኪስ የባቄላ ቆሎ ተገኘ። አንዷ ፍሬ መሪው አጠገብ ተቀመጠች። ሹፌሩ ከአልጋው ሆኖ በጣቱ እየጠቆመ መኪናውን ቁልቁል አስነዳ፤ ባለሱቁ ገፋው፤ እኔ ዝናቡን ተረኩ። ዶሮው ወደሚነሳበት ቦታ ስንደርስ ግን ዶሮው የለም። ሰይጣን ነው ያሉት ሽማግሌ እያኘኩ ነበር።

«ዶሮውን በሉት!» አለ ሹፌሩ።

«ቆሎ መስሎኝ...» አሉ፤ ነገሩ ቆሎ ስለነበር ማንም ሊወቅሳቸው አልቻለም። ባለሱቁ በዚያን ጊዜ «ወይኔ፣ ተፈታ መሰለኝ» ብሎ ሲስተርን ጠራ።

በዚህ ሁሉ ሁካታ መካከል ሰብሳቢው ሽማግሌ መኪናውን ከብርድ ልብሱ ላይ አንስተው ወደ መስኮቱ ብርሃን አስጠግተው ያዩት ነበር። ሞተሩን አልነኩም። የብስክሌት ጎማዎቹንም አልነኩም። የኋላውን ጎማ በአውራ ጣታቸው ዙሪያውን ቀስ ብለው ዳሰሱት።

«በርሲሳ» አሉኝ። «ይህ መኪና ልክ ነው ወይስ ልክ አይደለም?»

«ልክ ነው፣ አባቴ። ከእውነተኛው ያነሰ ከመሆኑ በቀር ምንም አልተለወጠም።»

«ጎማውም?»

«ጎማውም።»

«እንግዲያው ነገሩ ግልጽ ነው» አሉ። «ጎማው መላጣ ነው። መኪናው በዝናብ፣ በጭቃ፣ በመላጣ ጎማ ነው የወረደው። ዶሮ ባይኖርም ይወድቅ ነበር። ጥፋተኛው ጎማው ነው።»

«አባቴ» አለ የመኪናው ባለቤት፤ «ይህ እኮ መጫወቻ ነው! የኔ መኪና ይህ አይደለም!»

«መምህር ልክ ነው ብሏል። መምህር ይዋሻል?»

ከአፍታ በፊት ስለ ዶሮው ዋሽቼ ነበር፤ ስለ ጎማው ግን አልዋሸሁም። ባለቤቱ ቁልፉን ማሽከርከር አቆመ። ወደ ሹፌሩ ዞር ስል ዓይኑን ጣሪያው ላይ ተክሏል፤ ያኔ ነው ሁሉም ነገር የገባኝ። ያ ቡና የጫነው መኪና ጎማው ከክረምት በፊት ጀምሮ ተመልጧል። ሹፌሩ፣ በኋላ እንደነገረኝ፣ ይቀየርልኝ ብሎ ለምኗል፤ ይህችን ጉዞ ብቻ፣ ይህችን ጉዞ ብቻ ሲባል ከርሟል። በሽማግሌ ፊት ይህን ቢናገር ያጎረሰውን እጅ ነከሰ ይባላል፤ ቁልፉም ያን ጊዜውኑ ይሄዳል። ስለዚህ የዶሮውን ነገር ይዞ ከእኔ ጋር ሲጨቃጨቅ ከረመ። ሆድ ሲያውቅ ዶሮ ማታ ሆኖ እንጂ፣ የመኪናውን ጎማ ዲጋም ጊምቢም ያውቀው ነበር፤ ሽማግሌውም በዚያው መኪና ስንት ጊዜ ቡና አስጭነዋል። ሀብታምን ሰው በጉባኤ ፊት ጎማህ መላጣ ነው ብሎ መናገር ግን ማንም አልደፈረም። ለመናገር አንድ መላጣ ጎማ በእጅ መያዝ ያስፈልግ ነበር።

«ጎማ አፍ የለውም» አሉ ሽማግሌው መኪናውን ትሪው ላይ በጥንቃቄ እየመለሱ። «ይቅርታ መጠየቅ አይችልም። ስለ ጎማው ይቅርታ የሚጠይቅ ሰው እንፈልጋለን።»

ማንንም አላዩም። ከዘራቸውን ነበር የሚያዩት። ሁለቱ ሽማግሌዎችም ወለሉን አዩ። የሹፌሩ ሚስት በሩ ላይ መጥታ ቆማለች።

ባለቤቱ ቀስ ብሎ ካፖርቱን አወለቀ። በአልጋዎቹ መካከል አልፎ ሹፌሩ ዘንድ ደረሰና ጎንበስ ብሎ ትከሻውን ሳመው። ቁልፉን ደረቱ ላይ አስቀመጠለት። «ይቅር በለኝ» አለ፣ ሁላችንም በሰማነው ድምፅ።

ሹፌሩ ሊነሳለት ሞከረ፤ የተሰቀለው እግሩ ያዘው። ከዚያ እንደ ልጅ ጮኾ አለቀሰ። እኔም አለቀስኩ፤ አላፈርኩበትም። ቁልፉን በመዳፉ ጨብጦ፣ እንባው ጆሮው ውስጥ እየገባ፣ ብዙ ቆየ። በመጨረሻ አፍንጫውን በአንሶላው ጠረገና ቀና አለ።

«ጌታዬ» አለ፤ «ስድስቱንም ነው የሚቀይሩት?»

ባለቤቱ ተነፈሰ። «ስድስቱንም።»

«እስኮርታውንስ?» አሉ ሽማግሌው።

ባለቤቱ ካፖርቱን ወዳስቀመጠበት ዞሮ ነበር። ቆመ። ሽማግሌውን አየ፣ ሹፌሩን አየ፣ ትሪው ላይ ያለውን መኪና ረጅም ጊዜ አየው።

«እስኮርታውንም» አለ።